በሰባተኛው ዘፈን መጨረሻ ያለው በር

ውድ እንጉርጉሮ፣

ይህን ስም ያወጡልሽ አክስትሽ ናቸው። ስፌት ላይ ተቀምጠሽ ማንጎራጎር ከጀመርሽ ደንበኛ ቢገባም አታቆሚም ነበርና። እኔን «ዳኛ» ያልሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ። አሁን በሁለቱም ስሞች የሚጠራን የለም፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን ይኑሩ።

የተቀመጥኩት የዘንድሮን አስር ምርጥ አልበሞች ልጽፍልሽ ነው። ከዚያ በፊት ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው፤ ልወቅስሽም ነው። አንዱን በሌላው አላጣፋም፤ ሁለቱንም እንደ አመጣጣቸው ተቀበዪኝ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ምን እናደርግ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ከአክስትሽ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በሞላባት ክፍል ውስጥ፣ ያቺን ጎኗ የተሰነጠቀ ድምጽ ማጉያ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣለን። ሕጋችን ሁለት ነበር፤ ዘፈን መዝለል የለም፣ ሦስት ጊዜ ሳይሰማ አይፈረድም። ያ ፍቅረኛው ሁልጊዜ ትናንት ጥላው የሄደች የሚመስለው ዘፋኝ እንኳ ሦስት ጊዜ ተሰምቶ ነው የወደቀው። ካልተስማማን ለአክስትሽ ይግባኝ እንላለን። እሳቸው «እኔ የምፈርደው በእግሬ ነው» ይሉ ነበር፤ የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ ያስረሳቸው ዘፈን አንደኛ ይወጣል። የአንዲት ደንበኛ ጉርድ ቀሚስ ጠርዙ ጠማማ ሆኖ የወጣው በእኛ አንደኛ አልበም ምክንያት እንደነበር ሴትዮዋ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ደብተሩ ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ መዳፍሽን ድምጽ ማጉያው ላይ ታሳርፊያለሽ። አንድ ቀን «ምነው፣ ትኩሳቷን እየለካሽላት ነው?» ብዬ አሾፍኩብሽ።

«ዝም ብለሽ ጻፊ፣ ዳኛ» አልሽኝ። «እኔ ደህና አድርጌ የምሰማው ካንቺ ደብተር ላይ ነው።»

አድናቆት መሰለኝ። ደስ አለኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ አጻጻፌን አበዛሁት፤ ጊታሩ የት ላይ እንደሚገባ፣ ዘፋኟ ከየትኛው ስንኝ በፊት ትንፋሽ እንደምትወስድ፣ ከበሮው ለአንድ ምት ያህል ዘግይቶ አዝማቹን እንዴት እንደሚያንገዳግደው፣ ሁሉንም። ያኔ ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጥረሽ የራስሽ የሙዚቃ ሰዓት ነበረሽ። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ተዋስሽኝ። ሰጠሁሽ። ለምን ሳልል ሰጠሁሽ።

ካቻምና፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማተሚያ ቤት በእርማት ክፍላችን ቁጭ ብዬ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የአንድ ጤና መጽሐፍ ስህተት እለቅማለሁ። ገጽ የሚያዘጋጀው ባልደረባዬ ሬዲዮውን ከፍቷል። ድምጽሽ መጣ። ከአስረኛው እስከ አንደኛው፣ ቃል በቃል፣ የእኔን ዓረፍተ ነገሮች አነበብሽ። «ለእኔ ይህ ዘፈን» እያልሽ። «እኔ እንደሰማሁት» እያልሽ። ባልደረባዬ ስራውን አቁሞ «ይቺ ልጅ ጆሮ ተሰጥቷታል» አለ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ስሜን ጠበቅሁ። አንደኛው ተነበበ፣ ማስታወቂያ ገባ፣ አልተጠራሁም።

ማታውኑ ሳላድር መጥቼ ስጠይቅሽ «ደብተሩ የሁለታችን አይደል እንዴ?» አልሽኝ፤ ከልብሽ ግራ ገብቶሽ ነበር። ዓይኔን አላየሽም፣ አፍ አፌን ታዪ ነበር። የሌባ አመል ነው አልኩ በልቤ። ስሜን ጥሪልኝ ማለት ነበረብኝ፤ አንዲት ቃል ነች። አላልኩም። የተማረ ሰው ኩራት ይህ ነው፤ መብቱን ከመለመን ቂሙን ቋጥሮ መሄድ ይቀለዋል።

አምና ዳግመኛ ደብተሩን ፈለግሽ። እኔም ሰጠሁሽ፤ ግን በሦስተኛው አልበም ሥር፣ ከሌላው ጋር አንድ በሆነ የእጅ ጽሑፍ፣ ይህን ጨመርኩ፦ «በሰባተኛው ዘፈን መጨረሻ፣ መሣሪያው ሁሉ ዝም ካለ በኋላ፣ አንድ በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ይሰማል።» እንዲህ ያለ በር የለም። ሙያዬ ስህተት ማውጣት ነው፤ ያን ቀን ስህተት አስገባሁ። አልበሙን አንድ ጊዜ እንኳ ከሰማሽው ታወጪዋለሽ ብዬ ነበር።

አነበብሽው። እንዴት አድርገሽ! እኔ እንኳ፣ የፈጠርኩት ራሴ፣ በሩ ለአፍታ የተሰማኝ መሰለኝ።

ከዚያ ስልክ የደወለችዋ አድማጭ እኔ ነበርኩ። ይህን እንደማታውቂ አሁን ገብቶኛል። ከቢሮው ስልክ ደወልኩ፤ ድምጼን አልለወጥኩም፣ እንድታውቂኝ ፈልጌ ነበር። «ያ በር ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው? እኔ አልሰማሁትም» አልኩሽ። ጥያቄዬን ደግሜ እንድነግርሽ አደረግሽኝ። ከዚያ በትሕትና አመስግነሽኝ ዘፈኑን መልሰን እናጫውተው አልሽ። ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ሄደ። ዝምታው መጣ። ምንም የለም።

«ይኸው» አልሽ ረጋ ብለሽ፤ «አሁን ሰማችሁት አይደል?»

ክፍላችን በሳቅ ፈረሰ። ባልደረባዬ «የሰማችውስ የጎረቤቷን በር ነው» አለ፤ ካቻምና ያመሰገነሽ ያው ሰውዬ። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ በሩን በዘጋው ቁጥር ተሳፋሪው «ሰባተኛው ዘፈን አለቀ» ይል ነበር። በሳምንቱ ሰዓትሽን ለሌላ ሰጡት። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ለሁለት ወር ያህል እንቅልፌ እንደ ሕፃን ነበር።

በሦስተኛው ወር የኮቴ ዚፕ ተበላሸና አክስትሽ ዘንድ ሄድኩ። ወንበርሽ ላይ ጠርዛቸው ያልተዘመዘመ ሱሪዎች ተቆልለዋል። ወንድምሽ ዘንድ ሄደሽ ስፌት እንደያዝሽ ነገሩኝ፤ እኔም ሬዲዮ እንደማይሆንልሽ ድሮም አውቅ ነበር አልኩ። አክስትሽ መርፌውን ከከንፈራቸው አወጡ።

«አይ ልጄ፣ ጆሮዋ እያለቀ እንዴት ይሆንላታል? ቀኙ ከሄደ አራት ዓመቱ፣ ግራውም ተከተለው። አንቺ ባትኖሪማ አንድ ዓመትም ባልቆየች።»

ምን ማለትዎ ነው አልኳቸው። ግራ ገባቸው። ለካ አንቺ ራስሽ ነግረሻቸው ኖሯል፣ ዳኛ ታውቃለች ብለሽ። ሳልነግራት ገባት፤ ሳታሳፍረኝ፣ ስሙን እንኳ ሳታነሳ፣ የማልሰማውን እየጻፈች ትሰጠኛለች ብለሽ። የጊታሩን፣ የትንፋሹን፣ የከበሮውን። ያ ሁሉ ጽሑፍ ለአንቺ የተጻፈ መስሎሽ ነበር። እኔ ደግሞ የጻፍኩት ስላደነቅሽኝ ነው።

ዚፑን ሳላሠራ ወጣሁ።

ስንት ነገር ነበር። ሁልጊዜ በግራሽ በኩል እንድሄድ ትጎትቺኝ ነበር። ስልክ ትጠዪ ነበር። ማዳመጫሽን አንድ ቀን ተውሼ ጆሮዬ ሊቀደድ ነበር፤ ድምጹን እስከ መጨረሻው ከፍተሽው ኖሯል። የተዛነፈች ነጥብ እንኳ የማያልፍ ዓይኔ አንቺን አለፈሽ። በሩን ባጣሽው ጊዜ እንኳ ያጠፋው ጆሮሽ መሰለሽ። ከጆሮሽ ይልቅ እኔን አመንሽ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እኔን አመንሽ።

አልበም ሦስት ጊዜ ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም። አንቺን አንድ ጊዜም ሳልሰማ ፈረድኩብሽ። ይቅርታ የምጠይቅሽ ለዚህ ነው፤ ለበሩም፣ ለስልኩም፣ ለሁለት ወሩ እንቅልፍም።

ወቀሳውን ግን አልተውኩትም። አለመስማት ነውር አይደለም፤ ስሜን አለመጥራት ነውር ነው። ብትጠሪኝ ኖሮ የሚጎድልብሽ አልነበረም። ብትነግሪኝ ደግሞ ስቱዲዮው በር ላይ ቆሜ ጆሮ እሆንሽ ነበር። አልነገርሽኝም፤ አልጠየቅሁሽም። ሁለታችንም እንደምንተዋወቅ እርግጠኞች ስለነበርን አልተነጋገርንም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ዘንድሮ የሠራሁት በአዲስ ሕግ ነው። አክስትሽ ለኮት ትከሻ ከሚያስገቡት ጥጥ ቆርጬ ሁለቱንም ጆሮዬን ደፈንኩ፤ መዳፌን ያቺ የተሰነጠቀች ድምጽ ማጉያ ላይ አሳርፌ እያንዳንዱን አልበም ሦስት ሦስት ጊዜ ያዝኩት። በጆሮዬ አንደኛ የነበረው ወደ ዘጠነኛ ወረደ፤ ያ ልጅ ድምጹ ያምራል እንጂ እጅ ላይ እንደ ቀዘቀዘ ብርጭቆ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች አምስተኛ ናቸው፤ ሁለተኛው ዘፈናቸው ላይ ከበሮው አውራ ጣትሽን ብቻ ነው የሚነካው፣ ሌላውን ጣትሽን ይምረዋል። ያ የትናንት ፍቅረኛ ዘፋኝ ሦስተኛ ወጣ ብልሽ ታምኛለሽ? ለቅሶው በጥጡ አያልፍማ! ከሥሩ ያለው ቤዝ ግን ደረጃ በቀስታ እንደሚወጣ ሰው ነው። አንደኛዋ ያቺ ድምጿ የሻከረው ናት። አራተኛውን ዘፈን ስትይዢ እጅሽን ወደ ታች፣ ወደ ስንጥቁ አስጠጊው፤ መሀል ላይ ሁሉም ነገር ይቆማል፣ ቆጥረሽ ስድስት ስትደርሺ ይመለሳል፤ ክርንሽ ድረስ ይመጣል። አክስትሽም ሞክረውት እጃቸውን ሳያነሱ ቆዩና «እግሬን ረሳሁት» አሉ። ፍርዱ ጸንቷል።

የቀሩትን በደብተሩ ላይ ታገኚያቸዋለሽ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ድምጽ ማጉያዋንም አክስትሽ በትርፍ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጥተውኝ አብሬ ልኬልሻለሁ። እያንዳንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ፤ የሌለ ነገር የለበትም። አላምንም ካልሽ መብትሽ ነው፤ እጅሽን አሳርፊና ራስሽ መርምሪኝ።

አስረኛው ቦታ ባዶ ነው። እሱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ስትመልሺልኝ ከሥሩ የሁለታችንንም ስም ጻፊ፤ ያንቺን አስቀድመሽ ብትጽፊም አልከራከርም።

ስድስት ድረስ እየቆጠርኩ እጠብቃለሁ፤

ዳኛ