ደረጃ የሌለው ፉርጎ

ይድረስ ለሩቁ ልጄ፣

ሰላምታዬ ከነሙጫ ሽታው ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ እናትህም ደህና ናት።

የላክህልኝን ትንሿን ተገጣጣሚ ባቡር ጨረስኳት። እጄ አሁንም አይታማም። ፋብሪካው ግን ሥራ አያውቅም፤ የተሳፋሪውን ፉርጎ በር አጥብቦ ደረጃ ደርድሮበታል። ደረጃውን በምላጭ ቆርጬ ጣልኩና ከክብሪት እንጨት ተዳፋት ሠራሁለት፤ በሩንም አሰፋሁት። እናትህ አይታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ደግሞ ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለሚሳፈር ነዋ» አልኳት። ሳቀች።

ፎቁን ለሐዲዱ ስለፈለግኩት አልጋችንን ሳሎን አውርጄዋለሁ። እናትህም ወዳዋለች፤ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ስር ናት።

እሷ ከዚያው ሆና ትስምሃለች፤ እኔም ቀለም በነካው እጄ አቅፌሃለሁ። ስትመጣ የደጁን ደረጃ አትፈልገው፤ እሱንም አፍርሼ ለወንበር ጎማ የሚመች ተዳፋት አድርጌዋለሁ።

ባቡር ሠሪው አባትህ