ቀዩ ወፍ ማሽላው ውስጥ ሲገባ

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ወፎቹ እንኳ ናቁኝ። ማማው ላይ ቆሜ «ሃይ» ስል አንዷ ከማሽላው ራስ ላይ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ መልቀሟን ቀጠለች።

ማሳው የእኛ አይደለም። የእትዬ ዘሃራ ነው፤ ከእኛው ጋር ድንበር ይጋራል። እትዬ ዘሃራ ትናንት ጠዋት ግራ እጇን በነጠላዋ አንጠልጥላ ቤታችን ገባች። የሰበራት ባሏ ይማም ነው። እማዬ ምንም አልጠየቀቻትም። ውሃ ሰጠቻት፣ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈችላት፣ ከዚያ ወጌሻ አስጠራች።

ከዚህ በፊትም መጥታ ታውቃለች። ሁልጊዜ ሽማግሌ ያስታርቅና ትመለሳለች። አሁን ግን፣ «አልመለስም። ማሽላዬንም ለወፍ ጥዬ የትም አልሄድም» አለች። በሬ ለምና ያሳረሰችው እሷ ናት፤ ያረመችውም እሷ። ይማም ጣሊያኖቹ ዘንድ የጠጠር ሰባሪዎች ካፖ፣ ሠራተኛ የሚቆጥር አለቃ፣ ከሆነ ወዲህ ማሳው ድርሽ ብሎ አያውቅም።

በአንድ እጅ ግን ወንጭፍ ላይ ድንጋይ አይጫንም። እማዬ ወደ እኔ ዞረችና፣ «አስካለ ትጠብቅልሻለች» አለች።

እኔ ነኝ እንግዲህ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባው። ፊደል እንኳ የቆጠርኩት ከወንድሜ ኋላ ተደብቄ ነው፤ የኔታ መኖሬን ያወቁት ዳዊት ልጀምር ስል ነበር። እማዬ «ይቺ ልጅ ስትጮህ የሚደነግጠው ጉንዳን ብቻ ነው» ትላለች። አባባ ቢኖር ያዝንልኝ ነበር። የት እንዳለ አይጻፍም።

ማታ ማሽላው ምን ያህል እንደተበላ አላየሁም። ማየት አልፈለግሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

የመንደሩ ሴቶች ከማሳው ዳር ጥንቅሽ እየላጡ ተቀመጡ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ያረፉ ይመስላሉ። ምክር ላይ ነበሩ።

ወሬው ጥሩ አይደለም። ሼህ ሙሄ ቅዳሜ ዋርካው ሥር ነገሩን ሊያዩ ቀጥረዋል። ይማም ደግሞ ለሰው ሁሉ «ቅዳሜ ሳይደርስ ቤቷ ትገኛለች» እያለ ነው። ከተገኘች አለቀ። ታርቀዋል ይባላል፤ ሽማግሌም አይቀመጥም። ስለዚህ ሥራችን አንድ ነው፦ እስከ ቅዳሜ እንዳይወስዳት።

«ከመጣ እሪ እንላለና» አለች አንዷ።

«እሪ ብትይ ድልድዩ ላይ ያሉት የጣሊያን ዘቦች ሽፍታ መጣ ብለው ይተኩሱብሻል» አለች እማዬ። እውነቷን ነው፤ እሪታ ተከልክሏል።

በዕድሜ ሁሉን የሚበልጡት እማማ ሀዋ ጥንቅሻቸውን እያኘኩ ቆዩ። ጥርሳቸው ጥቂት ስለሆነ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ከዚያ፣ «ለወፍ መጮህ ተከልክሏል ወይ?» አሉ።

ሁሉም ሳቀ።

እንዲህ ተስማማን። ይማም ብቅ ካለ ያየችው «ቀዩ ወፍ ገባ» ብላ ትጮሃለች። የሚቀጥለው ማማ ይቀበላል፤ ከዚያ የሚቀጥለው፣ እስከ መንደር ድረስ። የሰማች ሴት ሁሉ የያዘችውን ጥላ ወደ እትዬ ዘሃራ ማሳ ትመጣለች። ተራም ወጣ። ዓርብ ጁምዓ ስለሆነ እስላሞቹ ይረፉ፣ ክርስቲያኖቹ ይጠብቁ። እሑድ ደግሞ በተገላቢጦሽ።

የእትዬ ዘሃራ ማማ መንገዱን ፊት ለፊት ያያል። ማለት መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ራት አልበላልኝ አለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

እትዬ ዘሃራ ጩኸት አስተማረችኝ።

«አስኩ፣ ከጉሮሮሽ አይደለም። ከእምብርትሽ ነው። ውሃ የሞላ እንስራ ስታነሺ የምታጠብቂው ቦታ የለም? ከዚያ።»

ሰው ፊት አልችልም አልኳት። «እንግዲያው ሰው የሌለበት እንፈልግልሻ» ብላ ባዶው ጎተራ ውስጥ አስገባችኝ። ጨለማ ነው፤ የአምናው ማሽላ ይሸታል። መጀመሪያ አፍሬ ሳቅሁ። ከዚያ ጮህኩ። ጎተራው ድምፄን አወፍሮ መለሰልኝ፤ የእኔ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ደግሜ ጮህኩ።

እማዬ ዘነዘና ይዛ እየሮጠች መጣች። ጅብ የገባ መስሏት ነው።

እትዬ ዘሃራ ሳቀች። ጎኗን ደግፋ፣ «አታስቁኝ፣ ያመኛል» እያለች ሳቀች። ቤታችን ከገባች ወዲህ ስትስቅ ሳያት ይህ የመጀመሪያው ነው። ፊቷ ላይ ያለው የድብደባ ሰማያዊ ጠርዙ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

ምሳ እሷ ሽሮ ሠራች፣ በአንድ እጇ። እኔ አማሰልኩላት። እማማ ሀዋ ሥጋ ልከውላት ነበር፤ እሱን በራሷ ድስት ለብቻዋ በላች። ሽሮውን ግን ከአንድ ገበታ በላን። እማዬ «ከእኔ ሽሮ ይበልጣል» ስትል እትዬ ዘሃራ አንገቷን ደፋች። ይማም ወጡን እየቀመሰ ይደፋው እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። እንደ ዋዛ ነው የተናገረችው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ዛሬ አንድ መንጋ ወፍ አባረርኩ። መንጋ። እንደ ጨርቅ ተገልብጦ ወደ ወንዙ ሄደ። ከሚቀጥለው ማማ አንዷ «ይቺ ማን ናት?» ብላ ስትጮህ ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ይማም በመንገዱ አለፈ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሟል። ቆመ፤ ማሽላውን አየ፣ ማማውን አየ፣ ሄደ። አልጮህኩም፤ ስላልገባ ነው። እውነቱን ለመጻፍ፣ ቢገባም የምጮህ አይመስለኝም ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ድምፄ ስለጠፋ መጻፍ ብቻ ነው የምችለው። ፊደሉ ቢጣመም ደስ ስላለኝ ነው።

ጠዋት እማዬ ነጠላዋን ለብሳ፣ «ዛሬ ቁስቋም ነው፤ ደርሼ እመጣለሁ። ወፍ በዓል የለውም፣ አንቺ ሂጂ» አለችኝ። ቤት ብቻዋን እንዳትቀር እትዬ ዘሃራ አብራኝ ወጣች። ማማው ላይ ወጥቼ ዙሪያውን ሳይ ደነገጥኩ። የሚታየው ማማ ሁሉ ባዶ ነው። ተራ ስናወጣ ጁምዓን አስበን ቁስቋምን ረስተናል። የክርስቲያኖቹ ሴቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው «እኔ ብቀር ሌላዋ አለች» ብለው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል።

ይማም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ረፋድ ላይ መጣ። አልተሸሸገም። ማሽላውን እየገነጠለ ቀጥ ብሎ እትዬ ዘሃራ እሸት ወደምትለቅምበት ሄደ።

«ተነሽ። ቤትሽ ግቢ።»

«ነገ ዋርካው ሥር ንገረኝ» አለችው።

«ሽማግሌ ፊት አታዋርጂኝም» አለና እጇን ይዞ ጎተታት። የታሰረውን እጅ። አልጮኸችም፤ ተንበረከከች እንጂ።

እኔ ማማው ላይ እንደ እንጨት ቆሜያለሁ። ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ደግሞ ምን ታፈጫለሽ? ወፍሽን ጠብቂ» አለኝ።

እሺ አልኩ፣ በልቤ። ከእምብርቴ ጮህኩ።

«ቀዩ ወፍ ገባ»

ማንም አልተቀበለኝም። ደግሜ ጮህኩ። ይማም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሦስተኛ ስጮህ ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ነገር የተቀደደ መሰለኝ። ያኔ ከሩቅ፣ ከመንደሩ ጫፍ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ። እማማ ሀዋ ናቸው። ጉልበታቸውን አሟቸው ደጃቸው ፀሐይ ሲሞቁ ነበር።

«ኧረ ቀዩ ወፍ ገባ»

ከዚያ ከመስጊዱ በኩል፣ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል። መጡ። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የቁስቋም ነጭ ነጠላና የጁምዓ ሻሽ ተደባልቆ በማሽላው መሃል ይሮጣል። እማዬ የበዓል ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ከፊት ናት። ማንም አልመታውም። እትዬ ዘሃራን መሃል አስገብተው ዙሪያዋን ቆሙ።

«ዘቦቹን እጠራለሁ» አለ ይማም።

«ጥራቸው» አለች እማዬ። «ወፍ ጠበቁብኝ ብለህ ክሰሰን።»

እማማ ሀዋ በምርኩዛቸው መጨረሻ ደረሱ። «ይማም፣ ልጄ» አሉት፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ «ካፖ አይደለህ? በል ቁጠረን። ስንት ሴት እንደገጠመችህ ለጌቶችህ ትነግራለህ።»

አንዷ ፍርፍር አለች። ከዚያ ሳቁ ተዛመተ። ይማም ዱላውን ጥሎ አልሄደም፣ ይዞት ነው የሄደው፤ ግን እንደ ዱላ አልያዘውም።

ድልድዩ ላይ አንዱ ዘብ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ አየን፤ መልሶ ተቀመጠ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ዋርካው ሥር ሰው ሞላ። ሼህ ሙሄ ይማምን ይፈሩት ነበር፤ ከጣሊያን ጋር የሚውል ሰው ማን አይፈራም? ዛሬ ግን መንገድ ላይ ጠጠር የሚሰብሩት ወንዶች ሁሉ መጥተው ከእህቶቻቸውና ከሚስቶቻቸው ኋላ ቆሙ። ይማም ሲያልፍ አንዱ ወደ ሌላው እንደ ወፍ አፏጨ። ሼሁም ይህን አዩ።

ይማም «በእጄ አልነካኋትም፤ ወድቃ ነው» አለ።

«ትናንት ያየ አለ?» አሉ ሼህ ሙሄ።

እማዬ ከኋላዬ ገፋችኝ። ወጣሁ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ነፋስ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ አልተሰማኝም» አሉኝ።

ደግሜ ሞከርኩ፤ ሹክሹክታ። ያኔ ሼሁ እጃቸውን አነሡ። «ዝም በሉ፤ ልጅቱ ትናገር።» ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። ሕፃን ያዘሉት እንኳ እያወዛወዙ ዝም አሰኙ። እኔን ለመስማት። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«የታሰረውን እጅ ይዞ ጎተታት» አልኩ። «እኔ ከላይ አየሁት።»

ሌላ የተናገርኩት የለም። በቂ ነበር።

ሼህ ሙሄ ይፍታት ብለው ፈረዱ፤ ይማምም በምስክር ፊት ፈታት። ቃሉን ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር። ማሽላው የእሷ ነው ተባለ፤ የማሳውን ድንበር እንዳይረግጥ ዋስ ጠራ። እማማ ሀዋ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ድልድዩ ትዝ አላቸው። ስለዚህ «ሃይ ሃይ» አሉ፣ ለወፍ። ሴቱ ሁሉ ተቀበለ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ማማው ላይ እትዬ ዘሃራ ናት። እኔ ሥር ተቀምጬ ድንጋይ ወንጭፏ ላይ እጭንላታለሁ፤ በደኅናው እጇ ታወነጭፋለች። ብዙ ትስታለች። በሳተች ቁጥር «ያን አልፈለግሁትም» ትላለች።

ይማም ቃሉን ይጠብቅ እንደሆነ አላውቅም። እማዬም አታውቅም። ማማዎቹ ግን ማሽላው ታጭዶ ካለቀ በኋላም አይፈርሱም ተባለ።

ከሰዓት አንዲት ሴት ከማጀቴ ከተማ በኩል መጣች። አናውቃትም። ሻሿን ወደ አንድ ዓይኗ ዝቅ አድርጋ አስራለች። ማሳው ዳር ብዙ ቆማ፣ «ቀይ ወፍ የምታባርሩት እዚህ ነው አሉኝ» አለች።

እትዬ ዘሃራ ወንጭፏን አስቀምጣ ከማማው ወረደች። ምንም አልጠየቀቻትም። «አስኩ፣ ውሃ» አለችኝ።

ውሃውን አመጣሁና ለሴትዮዋ ሰጠኋት። ከዚያ ጓዳ አልገባሁም። ማማው ባዶ ስለነበር ወጣሁበት። ወፎቹ ተመልሰው ነበር። «ሃይ» አልኩ። ድምፄ ገና እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል፤ ነገ ሳይሻለኝ አይቀርም። ወፎቹ ግን ተነሡ።