አቶ ዳምጠው ዋኘው የሞቱት በሞተር ሙቀት አይደለም

የጎህ ሚኒባስ ሾፌሮች ማኅበር ነባር አባሉ አቶ ዳምጠው ዋኘው በሽንት ፊኛ ካንሰር ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱና ለአሶሳ–ሸርቆሌ መስመር ተሳፋሪዎች የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። በንዴትም ነው።

አቶ ዳምጠው ከቡለን መጥተው ማኅበራችንን የተቀላቀሉት በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስኪታመሙ ድረስ ከዚህ መስመር አልተለዩም።

በ2009 ዓ.ም. ሾፌሮች በተሳፋሪ ሽሚያ መደባደባቸውን ትተው በተራ እንዲጭኑ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት ካለች ግን ተራም አይጠብቁም፣ ሒሳብም አይቀበሉም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሽንታቸው ደም ቀላቅሎ ታየ። ሕመም አልነበረውም። መናኸሪያው በሙሉ ሐኪም ሆነ። የሚኒባሶቻችን ሞተር ከሾፌሩ ወንበር ሥር ስለሆነ፣ በእኛ ዘንድ ቀይ ሽንት ሁሉ «የሞተር ሙቀት» ይባላል። «ውሃ ጠጣበት፣ ይለቅሃል» አሏቸው። ዛሬ ከሁሉ በላይ ጮኸው የሚያለቅሱት እነዚሁ መካሪዎች ናቸው።

ስሙን መጥራት የማንፈልገው ክሊኒክም ከመናኸሪያው አልተሻለም። ሾፌር መሆናቸውን ሲሰማ፣ ሳይመረምር የኢንፌክሽን ኪኒን ሰጥቶ ሸኛቸው። ደሙ በራሱ ጊዜ ቆመ፤ ኪኒኑ ተመሰገነ። ደሙ ሲመለስ ያው ኪኒን ተደገመ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነቡ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍልን ብለው ቢለምኑ፣ «ሐኪሙ እኔ ነኝ አንቺ?» ተብለው ተመለሱ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ፊኛቸው በካሜራ ሲታይ ካንሰሩ ከፊኛው አልፎ ተሰራጭቶ ነበር። ቀደም ብለው ቢመጡ የመዳን ዕድላቸው ሰፊ እንደነበር ተነገራቸው። ይህን ሰምተው ነው የሞቱት።

ክሊኒኩ ለቀብራቸው የአበባ ጉንጉን ልኮ ነበር። መልሰንለታል።

ለወይዘሮ ዘነቡ፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ለአባላት ግን ምኞት አይበቃም። ከዛሬ ጀምሮ በሽንቱ ደም ያየ ሾፌር፣ ባያመውም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያይም፣ ደሙ ቢቆምም፣ ሆስፒታል ተመርምሮ መንስኤው እስኪታወቅ ድረስ ተራ አይሰጠውም። «የሞተር ሙቀት» የሚል መካሪም ከተራ ይወጣል።

ከለቅሶው ድንኳን ስንወጣ አባላችን አቶ ሱለይማን ዐብዱልቃድር እሳቸውም በቅርቡ ደም ማየታቸውን ነገሩን። «ወላሂ፣ አሁን ለቆኛል» አሉ። በማግስቱ ወደ ሸርቆሌ ተረኛ ነበሩ። የመኪናቸውን ቁልፍ ወስደንባቸዋል። ተቀይመውናል፤ በሕይወት ኖረው ይቀየሙን።