ትሩቬ የሚለው ስማችን

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ዝናብ። ሾርባ ሠራሁ፣ ጨው በዛበት። ወንድሜ ኦክታቭ ደወለ። ለአባባ መቃብር አዲስ ድንጋይ አሠርቶ «ደ ትሩቬ» ሊያስቀርጽበት ነው። ከነሁለት አንበሳ ዓርማው! ያቺን የመኳንንት «ደ» ከየት አመጣት? ከባለ ርስት ቤተሰብ ሚስት ካገባ ወዲህ ራሱን አያውቅም... ያለ እኔ ፊርማ ግን ድንጋዩ አይተከልም። «ሶላንዥ፣ እሑድ እማዬ ጋ መጥተሽ ትፈርሚያለሽ» አለኝ። ትእዛዝ መሆኑ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 6
ካን ከተማ ሄድኩ፣ ቤተ መዛግብት። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ሳድል ኖሬ የሰው ስም ማንበብ አያቅተኝም። ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት... 1814 ላይ መንገዱ ቆመ።
«ወንድ ሕፃን፣ ዕድሜው ሦስት ቀን ገደማ። ከዓሣ ገበያው በር ሥር ተገኘ። ካልሲ ያለው አንድ እግሩ ላይ ብቻ ነው። ፖሊካርፕ ትሩቬ ተብሏል።»
ትሩቬ፣ በፈረንሳይኛ «የተገኘ»። ትርጉሙንማ ማን አጣው? ማን እንደተገኘ ግን አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም።
ያ ባዶ እግሩ... መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ።

እሑድ፣ ማርች 9
ምሳ ላይ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ኦክታቭ ደም መሰለ።
«ዲቃላ ነን ብለሽ አገር ልታስወሪ ነው?»
«ፖሊካርፕ ተጣለ እንጂ አልሰረቀም። የሌለህን ስም የምትሰርቀው አንተ ነህ።»
«አፍሽን ሰብስቢ!»
እማዬ አይብ እየቆረጠች፣ «ለአባትሽ አንበሳ ቢሳልለት ምን ይጎድልብሻል፣ ልጄ?» አለችኝ። ከሷ አልጠበቅሁም።
አልፈረምኩም።

ረቡዕ፣ ማርች 12
ሦስት ጊዜ ደወለ። አልፈርምም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26
የአባባ ሙት ዓመት። ኦክታቭ በመጨረሻ ተሸነፈ፤ ድንጋዩ ላይ «ትሩቬ» ብቻ ተቀረጸ፣ ፈረምኩ። መቃብሩ ዳር ግን ለሚስቱ ዘመዶች «አንበሶቹ በኋላ ይመጣሉ» ሲል ሰማሁት። በኋላ? ወረቀቱን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩት። አማቱ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እማዬ መሬት መሬት አየች። የኦክታቭ ልጅ ኤሎዲ እርጉዝ ሆዷን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆመች።
«ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አለ ኦክታቭ።
ይሁን።

ሰኞ፣ ጁላይ 7
ኤሎዲ ከሆስፒታል ደወለች። ሴት ልጅ!
«አክስቴ፣ የአባቷን የቤተሰብ ስም አልሰጠናትም። እሱም እሺ ብሏል። ትሩቬ ብለን አስመዘገብናት።»
«አባትሽስ?»
«"ሰው ምን ይለናል" እያለ ኮሪደሩን ይመላለስበታል።»
ሳቄ አመለጠኝ። እማዬ ስልኩን ተቀበለቻት። ከኤፕሪል ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም ነበር።
«ኦክታቭ እዚሁ ነው» አለችኝ። «ቢኖርም ነይ።»
እየሄድኩ ነው።