አንድ ሰዓት ብቻ

ኅዳር 10
የምሠራበት መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ሰው ሲጋፋ ዋለ። ፈገግ ስል፣ ስመልስ፣ ደግሞ ስመልስ... ደባርቅ ውስጥ ዛሬ ያልመጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቤት ስደርስ አባባ እንደ ልማዳቸው ሁለቱን ዱካ መቀመጫ ጓሮ ጸሐዩ ላይ አውጥተዋል። ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ሙሉ ቃል አልተነፈስንም። ሰው ሆኜ ተነሣሁ።

ኅዳር 14
አባባ አረፉ። በእንቅልፋቸው።

ኅዳር 16
ሠልስት። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ከዳባት፣ ከአዲ አርቃይ ሳይቀር መጡ። "በርቺ... ብይ እንጂ... ተጫወቺ።" ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ስተኛ እንኳ ግራና ቀኜ ሰው ነው። ፍቅር ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን እንባዬ እምቢ አለ። ሰው ፊት አይመጣልኝም። ልበ ደረቅ ሳይሉኝ ይቀራሉ?

ኅዳር 18
ሽንት ቤት ገብቼ ቆሜ ቀረሁ። ዝም ለማለት ብቻ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የአባባ እህት እትዬ ጥሩዬ በሩን ደበደቡ።
"ፍቅርአዲስ! ምን ሆንሽ?"
"ትንሽ ብቻዬን ልሁን፣ እትዬ።"
"የምን ብቻ ነው? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል!"
ምን ብዬ ላስረዳ? ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። አባባን የት ሄጄ ላልቅሳቸው?

ኅዳር 19
አመለጥኩ። በጓሮ በኩል፣ ወደ ባሕር ዛፉ። ገና ከመቀመጤ ስሜ ከአራቱም ማዕዘን ይጠራል። እድርተኛው በሙሉ ወጥቷል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ። ገደል የገባሁ መስሏቸው! ስመለስ የልብስ ማስጫውን ገመድ ሳይቀር ፈትተው ደብቀውታል። አሁንማ አምስት ሆነው ይጠብቁኛል። አላበድኩም ብል ማን ይሰማኛል? በገዛ እጄ አባባስኩት። ጌታዬ፣ አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓት ብቻ። ከዚህ በላይ አልችልም።

ኅዳር 20
ጠዋት እትዬ ጥሩዬ አጠገቤ ተቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ።
"እናታችን የሞተች ጊዜ አባትሽ በረት ገብቶ ዋለ። ብንጠራው፣ ብንጠራው አልወጣ አለ። እኔ ንቆን ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ተቀይሜዋለሁ።" ነጠላዬን አስተካከሉልኝ። "ለካ አንቺም..."
ሁሉንም ከቤት አስወጡ። በሩን ዘግተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ከውስጥ እሰማለሁ።
"ፍቅርአዲስስ?"
"ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።"
በጾም፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ ዋሹልኝ።
ዱካዎቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ነበር። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ እንባዬ መጣ።