ቡሬ ያለ ነጠላ ታለበች

ሱሉልታ፣ ጥቅምት ፱ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ባለቤቴ አስካለ ከሞተች ወዲህ ላማችን ቡሬ በእጄ አልታለብም አለች። የአስካለን ነጠላ ካልተከናነብኩ ወተቷን አትለቅም። ጎረቤቴ ኦቦ ቶላ በአጥር አሻግረው፣ «የሴት ነጠላ ተከናንበህ ታልባለህ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ! ሐዘን ከመደብ ጋር ያጣበቀኝን ሰውዬ ማለዳ ማለዳ የሚያስነሣኝ ይኸው ማለብ ነው።

ዛሬ ነጠላውን ረስቼ ገባሁ። ትዝ ያለኝ ጥጃዋን አስጠብቼ ሳስር ነው። ቡሬ ግን ቀጥ ብላ ቆመችልኝ፤ ጮጮው እስከ አፉ ሞላ። ኦቦ ቶላን ጠርቼ አጠጣኋቸው። አረፋውን ከጺማቸው እየጠረጉ፣ «ጋሪዳ! ጥሩ ነው፤ ጎበዝ ነህ!» አሉኝ።

ማታ ነጠላውን ወደ ሣጥኗ ልመልሰው አጣጥፌ አሸተትኩት። የአስካለ ጠረን ጠፍቷል፤ እኔን እኔን ይሸታል። ለካ ቡሬ ከለመደችኝ ቆይታለች።