የማር መልክ ያላት ቀንድ አውጣ

የትናየት እህቴ፣

ብርሃን ከማይደርስበት የባሕር ጥልቅ፣ ከምርምር መርከባችን ላይ ሆነን ገና ስም ያልወጣላት ቀንድ አውጣ በመረብ አወጣን። ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። እንዳትበሰብስ አልኮል ውስጥ ስትገባ ቀለሟ ስለሚለቅ፣ በሕይወት እያለች መልኳን የመጻፍ ሥራ ለኔ ደረሰ። መዳፌ ላይ አድርጌ ሳያት ቆየሁና «ገላዋ ማር ይመስላል» ብዬ ጻፍኩ።

ወደብ ስንደርስ የሙዚየሙ ሠዓሊ ሥዕሏን አሳየኝ። አልኮሉ ያነጣት መስሎት ቢጫ ቀብቷታል። «ማር ብለሽ የለ?» አለኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አገራችን ሰቆጣ ከፊቴ ድቅን አለችና እንባዬ ቀደመኝ። ለካ ለሌላው ሰው ማር ቢጫ ነው። የኛ ማር እንደ ወተት ነጭ መሆኑን ብነግረው፣ ሥዕሉን ነጭ አደረገልኝ፤ ስለ ማሩ ግን «ሳላይ አላምንም» አለ።

«ድርቁ ንቦቼን አባረረብኝ፤ እኔም ቀፎውን ጥዬ ዓረብ አገር ልሄድ ነው» ያልሽኝ ከልቤ አልወጣ አለ። ንቦቹ ተመልሰው ገብተው እንደሆነ ጻፊልኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የአባባ ጓንጉልን ጉልበት ሳሚልኝ። እዚህ ማር ነጭ ነው ስል የሚያምነኝ የለም፤ ምስክሬ አንቺ ነሽና አትሂጂብኝ።

ማንጠግቦሽ